ሰባት ቀንና ስድስት ወር

*ከሥራ የተቀነሰ ሰው ሒሳቡንና የሥራ ልምዱን እየጠበቀ የሚያሳልፈው ጊዜ በሕግ ይቆጠራል*

ጊዜው ግንቦት 2017፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት የእንግዳ መዝገብ ትሞላለች። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ከየት እንደመጡ፣ ማንን እንደፈለጉ፣ የገቡበት ሰዓት። ከአምስት ዓመት በላይ በዚህ በር ስትገባ ስትወጣ ይህን መዝገብ ነክታው አታውቅም ነበር። የጥበቃው አባት ዛሬም እንደ ወትሮው «ደህና አደርሽ ልጄ» ብለዋታል። ግን የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን አስረክባለች፤ ስለዚህ እንግዳ ናት፤ መመዝገብ አለባት። «ከየት» የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ጥቂት አሰበችና ባዶውን ትታው ወደ ቀጣዩ አለፈች።

የመጣችው ለአራተኛ ጊዜ ነው። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተነስታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ። የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የስንብት ክፍያዋን፣ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ሒሳቧንና የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን። ከሦስቱ የቸኮለችው ለመጨረሻው ነው። አንድ ቦታ ፈተና አልፋ «የሥራ ልምድሽን አያይዢ» ተብላለች፤ የተሰጣት ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«ፋይልሽ እየታየ ነው»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ድሮ ስድስት ሰው ይሠራበት ነበር። አሁን ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ሰው አለው። በሌሎቹ ላይ የታሰሩ ፋይሎችና የተነቀሉ ኮምፒውተሮች ተከምረዋል። ወጣቷ ሠራተኛ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷ ላይ ድካም ተነበበ። «እህቴ፣ ፋይልሽ እየታየ ነው። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ደውዪልኝ።»

ነገሩ የተያዘው ክሊራንሱ ላይ ነው። ከሥራ የሚለቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ባለ አንድ ገጽ ቅጽ አለ፤ ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ሒሳብ ክፍል ይፈርማል፣ አይቲ ይፈርማል፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ይፈርማል፣ የቅርብ አለቃ ይፈርማል። የእሷ ቅጽ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሏል፤ የንብረት ክፍሉ። ላፕቶፑን ያስረከበችው በመጨረሻው የሥራ ቀኗ ነበር። የተረከባት ሰው ግን እሱም ተቀንሶ ከሄደ ወር አልፎታል። ሊፈርምላት የሚችለው ሰው ሥራ የለውም፤ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ «ያልተረከብኩትን አልፈርምም» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እሷ መሀል ቆማለች።

ይህን የመሰለ ታሪክ ባለፉት ዓመታት ከፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከሆቴል ሠራተኞች፣ ከጤና ባለሙያዎችም ሰምቻለሁ። መባረሩ ያማል፤ ሁሉም ይህን ይላሉ። ቀጥለው የሚናገሩት ግን ስለ ዝምታው ነው። የማይነሳ ስልክ፣ የማይመለስ ኢሜይል፣ «እናሳውቃችኋለን» ተብሎ የቀረ ቃል። አንድ የቀድሞ የፕሮጀክት ሹፌር እንዲህ አሉኝ፦ «ገንዘቡ የለም ቢሉኝ እኮ የለም ብዬ ሌላ መላ እፈልጋለሁ። ቁርጡን ነው ያጣሁት።»

> «ገንዘቡ የለም ቢሉኝ እኮ ሌላ መላ እፈልጋለሁ። ቁርጡን ነው ያጣሁት።»

ርዳታው ሲቆም

ሠራተኛ ቅነሳ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አገሪቱ ከአሜሪካው የአጎዋ የንግድ ዕድል ስትታገድ፣ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ትእዛዝ አጥተው ሠራተኛ አሰናብተዋል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ሆነው የተከራዩ ወጣት ሴቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደየገጠር ቀበሌያቸው የተመለሱበት ጊዜ ነበር።

በጥር 2017 የመጣው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ጥር 12 ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ ልማት ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። በቀናት ውስጥ «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ወደ ፕሮጀክቶቹ ወረደ። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካው የርዳታ ድርጅት በዩኤስኤአይዲና በአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ተቋም በሲዲሲ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ዩኤስኤአይዲ ራሱም ሰኔ 24 ቀን 2017 ሥራውን አቆመ።

በዚያ ሰሞን የተሰናበቱት በአብዛኛው ዳታ የሚመዘግቡ፣ የኤችአይቪ ታካሚዎችን ቤት ለቤት የሚከታተሉ፣ መኪና የሚነዱ፣ ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ደብዳቤ ይዘው ወጡ። ሌሎቹ ግን ከሁለቱም ሳይሆኑ ቀሩ፤ አልተሰናበቱም፣ አልተከፈላቸውም፤ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ናችሁ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ጠብቁ» ተባሉ።

እንዲህ ለተባሉት አንድ ነገር ልበል። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከሥራ ውል መቋረጥ በፊት ያለ «እገዳ» የሚባል ደረጃ ያውቃል። አሠሪው ጥፋቱ ሳይኖርበት ባጋጠመው የገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራውን ለጊዜው ማቆም ይችላል፤ ነገር ግን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። «ጠብቁ» የሚለው ቃል በሕግ ጫፍ አለው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ወይ ይመለሳል ወይ ሒሳቡ ይዘጋለታል።

አዋጁ የጻፈው

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። ብዙ ሠራተኛ ስሙን ያውቀዋል፤ «የሠራተኛ አዋጅ አለ» ይላል። ውስጡ ያለውን ግን የሚያነበው ከተባረረ በኋላ ነው፤ ያውም ካነበበው።

አንቀጽ 36 አጭር ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመወዝና ሌላ ክፍያ ሁሉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለዋል። የሚቆጠረው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ኃላፊዋ ከስብሰባ እስኪወጡ አይጠበቅም። ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ወይም ገንዘብ መመለስ ሲያዘገይ ነው። «በራሱ ጥፋት» የሚለውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ላፕቶፑን አስረክባ የተረከባት ሰው ስለተባረረ ፊርማ ያጣች ሴት አላዘገየችም።

በክፍያው መጠን ክርክር ቢነሳስ? አንቀጽ 37 ለዚህም መልስ አለው፤ ክርክር የሌለበት ገንዘብ በዚያው በ7ቱ ቀን ውስጥ ይከፈላል። በአንድ የውሎ አበል ሒሳብ ላይ ስላልተስማሙ የአምስት ዓመት የስንብት ክፍያ ጠቅላላውን መያዝ አይቻልም። አንቀጽ 38 ደግሞ ጥርስ ያለው አንቀጽ ነው፤ አሠሪው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር ክፍያውን ካዘገየ፣ እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ ለሠራተኛው ጨምሮ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል።

ስለ መጠኑ በምሳሌ ልናገር። በወር 12,000 ብር ይከፈለው የነበረና ስድስት ዓመት የሠራ ሰው በሠራተኛ ቅነሳ ተሰናበተ እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዙን፣ በግርድፉ 12,000 ብር ያገኛል። ለቀጣዮቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያን ሲሶ፣ ማለትም 4,000 ብር። ድምሩ 32,000 ይሆናል። የተሰናበተው በቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል፤ 24,000። እዚህ ላይ 56,000 ብር ደረሰ። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ለብቻው ይታሰባል። በቅነሳ ለሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደግሞ 2 ወር ነው።

ለዚህ ሁሉ መነሻው የስንብት ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት ነው። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ እንዳለበት አዋጁ ያዛል። «ተቀንሰሃል» እና «የውል ጊዜህ አልቋል» የሚሉት ሐረጎች ለአንባቢ ቢቀራረቡም በገንዘብ ሲሰሉ በጣም ይራራቃሉ። በተለይ የፕሮጀክት ኮንትራት ሠራተኛ ያችን መስመር ሳያነብ «ተቀብያለሁ» ብሎ መፈረም የለበትም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በተመለከተ ሕጉ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ነው። ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። «መጀመሪያ ክሊራንስ አምጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አንቀጹ ውስጥ የለም። የሰው እንጀራ የምትወስነውን ይህችን ወረቀት ለላፕቶፕ መያዣ ማድረግ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጠረጴዛው ወዲያ

ርዳታው በቆመ ሰሞን በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ትሠራ የነበረች ሴት አግኝቻለሁ። የብዙ ሰው ስንብት ደብዳቤ በእጇ አዘጋጅታለች፤ የመጨረሻው የራሷ ነበር። «ስልኬ ሲጠራ ሆዴ ይረበሽ ነበር» አለችኝ። «የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ልጃቸውን ክርስትና ያነሳሁላቸው አሉበት። ግን ምን ልበላቸው? ገንዘቡ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት አሜሪካ ነው፤ እዚያም ሰው ተባርሯል። ኢሜይል እጽፋለሁ፣ የሚመልስልኝ የለም። እኔም የምጠብቅ ሰው ነበርኩ።»

ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃት ሳትሸሽግ ነገረችኝ። አንዱ ገንዘብ ማጣት ነው። ሌላው ሥልጣን ማጣት፤ ቼክ ላይ የሚፈርሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ለቆ ሄዷል፤ ባንኩ አዲስ ፈራሚ እስኪያጸድቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ከሁሉ የባሰው ግን ወረቀት መፍራት ነው። «የሕግ አማካሪው ምንም ነገር በጽሑፍ እንዳትመልሱ አሉን። የጻፍነው ሁሉ ፍርድ ቤት ይቀርባል ብለው። እኛም በቃል ብቻ ‹ነገ ደውሉ› ማለት ጀመርን።»

የኃላፊዎቹም ነገር አለ፤ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው በሕጉ ትርጓሜ «የሥራ መሪ» ነውና፣ ሌላውን በ7 ቀን እንዲከፍል የሚገደደው ኃላፊ ራሱ ሲባረር በዚህ አዋጅ መከራከር አይችልም። ስብሰባ ላይ ናቸው የተባሉት ሴትዮም ምናልባት ከሁሉም በላይ መጠጊያ የሌላቸው ናቸው። ይህን ሳውቅ ቁጣዬ በረድ ብሏል።

ቢሆንም ምክንያት ማግኘት ይቅርታ ማግኘት አይደለም። «ገንዘቡ ገና አልመጣም፤ የሚገባዎት ሒሳብ ይህን ያህል ነው፤ የሥራ ልምድዎ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ብሎ መጻፍ ከአሜሪካ ፈቃድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሩብ ሰዓትና አንድ ማኅተም ነው። አንድ የሒሳብ ባለሙያ እንደነገሩኝ፣ እሳቸው የነበሩበት ድርጅት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ደርድሮ ንብረቱን፣ ሒሳቡን፣ አይቲውንና የሰው ሀብቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሰዉ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እያለፈ ፈርሞ፣ ደብዳቤውን ይዞ ወጣ። ገንዘቡ ዘግይቶ ነው የገባው። ማንም ግን በር ላይ ቆሞ አልተጉላላም።

ይርጋ

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስነሳኝም እሱ ነው።

ለአሠሪው ሰባት ቀን የሰጠው ሕግ ለሠራተኛውም ቀን ቆርጦለታል። «ያላግባብ ተባርሬያለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የስንብት ክፍያን ጨምሮ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር። ከዚያ በኋላ የቀረበ ክስ፣ አሠሪው በይርጋ ከተቃወመው፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን አይሰማም።

> «ነገ ደውዪ» የሚለው ቃል ይርጋን አያቆምም።

አሁን ያን ቢሮ አስቡት። ሴትየዋ በአራተኛው ጉዞዋ ላይ ናት። በየጊዜው የተሰጣት መልስ መልካም ነው፤ ማንም «አይገባሽም» አላላትም። እሷም ለሰው ክብር ስትል፣ ነገሩን በሽምግልና በትዕግሥት ልጨርሰው ብላ፣ ክስ የሚለውን ቃል ከአፏ አላወጣችም። በእኛ ባህል የሠሩበትን ቤት መክሰስ ይከብዳል፤ እንጀራ የበሉበትን ገበታ እንደ መገልበጥ ይቆጠራል። ይህ ትዕግሥቷ በረዘመ ቁጥር ግን በሕግ ፊት ከስድስቱ ወር ላይ ቀን እየተቀነሰ ነው። ዝም ያለው ወገን ምንም አይጎድልበትም፤ ዝም ብላ የጠበቀችው መብቷን ታጣለች።

በሐዋሳ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ የቆዩ አንድ ሰው እንዳጫወቱኝ፣ ከፋብሪካ ተቀንሰው ወደ ገጠር ከተመለሱት ሴቶች መካከል ስለ ይርጋ የሰሙት ጊዜው ካለፈ በኋላ የሆነባቸው አሉ። «ይደወልልሻል ተባለች። ስልኳን ቀየረች። ለትራንስፖርት ስታጠራቅም ወሩ አለፈ» አሉኝ።

ይርጋውን የሚያቋርጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንዱ ጉዳዩን ለሥራ ክርክር ሰሚ አካል ማቅረብ ነው። ሌላው አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል ማመልከት። ሦስተኛው አሠሪው ራሱ ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። ይህ ሦስተኛው ነው የሕግ አማካሪዎቹ ወረቀት የሚፈሩበት ምክንያት። በቃል የተባለውን ማስረዳት ከባድ ነው፤ በማኅተም «ይህን ያህል ይገባዎታል» ያለ ደብዳቤ ግን ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

ገቢ ማስደረግ

የሥራ ክርክር ጉዳዮችን የሚይዙ አንድ ጠበቃ ደንበኞቻቸው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን በጽሑፍ አለህ?» ብለው ነው። ብዙው ሰው ያለው የስልክ ጥሪ ታሪክ ነው። «አሥራ ሰባት ጊዜ ደውያለሁ ይሉኛል። አሥራ ሰባት ጥሪ ከአንዲት ገቢ ከተደረገች ማመልከቻ ጋር አይስተካከልም» አሉኝ።

ስለዚህ ማመልከቻ ይጻፋል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ፣ ውሉ የተቋረጠበት ቀን፣ የሚጠየቁት ክፍያዎች በዝርዝር፣ የሥራ ልምድ ማስረጃው። በሁለት ቅጂ ይታተማል። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመትቶ ይዞ መውጣት ነው። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ ይላካል፤ ደረሰኙ ይቀመጣል። ኢሜይልም መናቅ የለበትም፤ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት የሕግ ዕውቅና አለው። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አድራሻ ሲዘጋ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ የቅጥር ውሉንና የደመወዝ መግለጫውን ከመጨረሻው ቀን በፊት ወደ ግል አድራሻ ማስተላለፍ ይገባል። ንብረት ሲያስረክቡም እዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ የርክክብ ወረቀት ማስፈረም።

ጡረታውም አይረሳ። በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ተቆርጦ፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ገቢ መሆን አለበት። አገልግሎቱ ከቀጣዩ መሥሪያ ቤት ጋር ስለሚደመር፣ ገንዘቡ በእርግጥ ገቢ መደረጉን ድርጅቱ ሳይዘጋ ማጣራት ነው።

ማመልከቻው መልስ ካጣ፣ ቀጣዩ በር የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው፤ አሠሪውን ጠርቶ ሊያስማማ ይችላል። ከዚያም የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ አዋጁ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዘዋል። ሠራተኛው ለዚህ ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ጠበቃ መግዛት ላልቻሉ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ለሌላውም የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት በር ክፍት ነው።

ያቺ ሴት በዚያ ሰኞ ደረጃውን ስትወርድ በቦርሳዋ የያዘችው አንድ ፊርማ የጎደለው ቅጽ ነበር። በማግስቱ ሁለት ቅጂ ማመልከቻ ይዛ ተመለሰችና መዝገብ ቤት ሄደች። የሥራ ልምዷ ዓርብ ወጣላት፤ እንድታያይዝ የተሰጣት የመጨረሻ ቀን ግን ሐሙስ ነበር። ገንዘቡን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አላገኘችም። ጉዳይዋ ችሎት ላይ ነው፤ ክሱ የገባው ስድስተኛው ወር ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ይህን የምታነቡ፣ በእናንተም ቤት መልስ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ የስንብት ደብዳቤውን አውጡትና ውሉ የተቋረጠበትን ቀን ፈልጉ። ከዚያ ቀን ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ወር ቆጥራችሁ ሁለቱንም ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ። ማመልከቻውን ዛሬ ጻፉ።